የጁምዓ ሌሊት ትረካ፤ የእስልምናን ምግባር በታሪክ ለሕፃናት ስለ ማስተማር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደራ ወረዳ የምትገኘው ሐሙሲት፣ ሐሙስን በስሟ የያዘች ከተማ እንደ መሆኗ መጠን፣ በውስጧ ለሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ ስለ ልጆቹ ትምህርት አንድ መልካም ነገር ታሳስበዋለች፤ ይኸውም ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ በእስልምና አቆጣጠር የጁምዓ ሌሊት የሚገባ ሲሆን፣ በዚያች ሌሊትና በማግሥቱ ሱረቱል ከህፍን ማንበብ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ይህችም የዋሻ ምዕራፍ ከ110 አንቀጾቿ የሚበዙትን ለአራት ታላላቅ ታሪኮች የሰጠች ስለ ሆነች፣ አባትና እናት ለልጆቻችን ምን እንንገር ብለው ሩቅ ሳይሄዱ የአንድ ወር ትምህርት በእጃቸው ላይ ያገኛሉ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከ4 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች ላሏቸው አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም የልጅ ልጅ ለሚያሳድጉ አያቶች ነው። ልጁ ቁርኣን ቤት ገብቶ ከአሊፍ ጀምሮ ፊደል እየቆጠረ አጫጭር ምዕራፎችን በቃሉ እንደሚይዝ፣ መምህራኑም በዚህ ሥራ የሚደክሙት ድካም ከፍ ያለ ዋጋ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን እውነት መናገር፣ አደራ መጠበቅ፣ ለደካማ መራራት፣ ቃልን መፈጸም የመሳሰለው ምግባር በልጁ ልቡና ሥር የሚሰደው፣ በዐረብኛ በቃሉ የያዘው ምዕራፍ የማንን ሕይወትና የትኛውን ሥራ እንደሚያወሳ በገዛ ቤቱ፣ ከሚወዳቸው ሰዎች አፍ በሰማ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ይህ ድርሻ ለመምህር ብቻ የሚተው አይደለም። ቁርኣን ራሱ በ12ኛው ምዕራፍ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሲጀምር ከትረካዎች ሁሉ ያማረ ብሎ መጥራቱ፣ መተረክ በእስልምና ትምህርት ውስጥ ያለውን የከበረ ሥፍራ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ይወስኑ፤ ከወሰኑም በኋላ ያጽኑት። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ዒሻእ እስኪገባ ያለው ጊዜ ለዚህ የተስማማ ነው፤ አባት ከእርሻው ወይም ከሱቁ ተመልሷል፣ ቡናው ተቆልቶ ዕጣኑ እየጤሰ ነው፣ ሕፃኑንም ገና እንቅልፍ አልጣለውም። ትረካው ከሩብ ሰዓት አይለፍ፤ ልጁ ሳይጠግብ ቢያቆሙ በሚመጣው ሐሙስ ሰዓቱን የሚያስታውስዎ እሱ ይሆናል፤ ከመጠን አልፈው ቢያስረዝሙ ግን ያማረው ታሪክ እንኳ እንደ ቅጣት ይቆጠርበታል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ስልኩም፣ የነጋሪው ስልክ ጭምር፣ ድምፁ ተዘግቶ ወደ ጓዳ ይግባ፤ ልጅ ለነገሩ የሚሰጠው ክብር ነጋሪው ለነገሩ የሰጠውን ክብር ያህል ነውና።

ከሰዓቱ ጋር ቋንቋውም ይወሰን። ትረካው ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ መሆን አለበት፤ በሐሙሲትና በጣና ዳር ላሉት ልጆች ይህ አማርኛ ነው። አንዳንድ ወላጆች ሃይማኖታዊ ነገር በዐረብኛ ካልተነገረ ክብሩ የሚቀንስ እየመሰላቸው፣ ግማሹን ቃል በማይገባው ቋንቋ እየቀላቀሉ ለልጁ ይነግሩታል፤ ልጁም በአክብሮት ዝም ይላል እንጂ አይሰማቸውም። ለዚህ ነገር ከሐዲስ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም፦ ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደው በነበረበት ጊዜ በዚያ የተወለደችው ሕፃኗ ኡሙ ኻሊድ ወደ መዲና ከተመለሰች በኋላ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ ያለበትን ትንሽ ልብስ በገዛ እጃቸው አልብሰው፣ ልብሱ እንደ አማረባት የነገሯት በልጅነቷ በሰማችው በሐበሻ ቋንቋ እንደ ነበረ ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል። ሕፃኗም በጀርባቸው ላይ ባለው የነቢይነት ማኅተም መጫወት ብትጀምር አባቷ ተቆጣት፤ እሳቸው ግን እንዲተዋት አዘዙት። ስለዚህ ሲነግሩት ልጁ ጋቢዎን እየጎተተ፣ ጣትዎን እየቆጠረ፣ በጭንዎ ላይ እየተገላበጠ ቢሰማ አይገሥጹት፤ ዐይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ ጆሮው ከእርስዎ ጋር ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ማስተማርም በአገራችን ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ የወሎው ታላቅ ዓሊም ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ መንዙማቸውን በዐረብ ፊደል፣ ነገር ግን በአማርኛ ቋንቋ የጻፉት፣ ዐረብኛ ያልተማረው ምእመን ሰምቶ እንዲጠቀም ብለው ነው።

ሁለተኛው ተግባር፣ ከመናገር በፊት ማንበብ ነው። ሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት የአማርኛ ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ፣ ፊደል የቆጠረ አማርኛ አንባቢ ሁሉ የሚነግረውን ታሪክ ከምንጩ ሊያየው ይችላል። ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ ሳያይ፣ የማታውን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ማንበብ የማይችሉም ቢሆኑ የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት ያስነብቡ። ሲያነቡም ሦስት ነገሮችን ለይተው ይያዙ፦ ቁርኣን የተናገረውን፣ በሐዲስ ከነቢዩ የተዘገበውን፣ የተፍሲር ሊቃውንትና አበው እየተቀባበሉ ያወረዱትን። ለልጁ ሲነግሩም ይህን ልዩነት በአነጋገርዎ ያስታውቁት፤ ለመጀመሪያው አላህ በቁርኣን ነግሮናል፣ ለሁለተኛው ስለ ነቢዩ እንዲህ ተዘግቧል፣ ለሦስተኛው አበው እንዲህ ይላሉ ይበሉ። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ልዩነት መለየት ይችላል፤ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ በሰማው ወሬ ሁሉ ላይ ማን ነገረህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሆናል፤ ይህም ራሱ ከእስልምና ታላላቅ ምግባሮች አንዱ ነው።

በዚህ ነገር ላይ አጥብቄ የምናገረው፣ ታሪኩን ለማሳመር ተብሎ የሚጨመረው ነገር ብዙ ቤት ውስጥ ስለ ተለመደ ነው። በነቢዩ ስም ሆን ብሎ ያልተባለውን መናገር ከከባድ ኃጢአቶች የሚቆጠር ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ለማስደነቅ ብለን ነቢያትን የማይታወቅ ነገር ብናናግራቸው፣ እውነት ተናገር እያልን በምናስተምረው ትምህርት ውስጥ ሐሰትን መሠረት አድርገን እናስቀምጣለን። ድምፅዎን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ በእጅዎ ማሳየት፣ ዝም ብሎ ማስጠበቅ ሁሉ የእርስዎ ነው፤ ነገሩ ግን አደራ ነው። የጦጣና የጅብ ተረት መንገር ከፈለጉ ሌላ ማታ ይንገሩ፤ እሱን ተረት ተረት ብለው ይጀምሩ፣ የነቢያትን ታሪክ ግን ቢስሚላህ ብለው ይጀምሩ፤ ልጁም ከመነሻው ብቻ የሚሰማው ነገር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ወደ አራቱ ሐሙሶች እንምጣ።

የመጀመሪያው ሐሙስ የዋሻው ወጣቶች ይሁን፤ ለትንንሽ ልጆች ከዚህ የሚበልጥ መጀመሪያ አላውቅም። በአንድ አምላክ አምነው ከወገኖቻቸው ጣዖት የሸሹ ወጣቶች ወደ ዋሻ ገቡ፤ አላህም አስተኛቸው፤ ፀሐይ ስትወጣ ከዋሻቸው ወደ ቀኝ እያዘነበለች፣ ስትገባ ወደ ግራ እየተወቻቸው፣ እነሱም በተኙበት ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተገላበጡ፣ ውሻቸው የፊት እግሮቹን በደጃፉ ዘርግቶ፣ 300 ዓመት ቆዩ፤ 9ም ጨመሩ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ልጁን በቤትዎ ደጃፍ እንደዚያ ውሻ እጆቹን ዘርግቶ እንዲተኛ ያድርጉት፤ ይህን ያደረገ ልጅ ታሪኩን አይረሳውም። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል የተኙ መስሏቸው፣ ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘብ አስይዘው፣ ንጹሕ ምግብ እንዲገዛ፣ በጨዋነትም እንዲመላለስ አዝዘው ወደ ከተማ ላኩት። የተፍሲር ሊቃውንት ነጋዴዎቹ የጥንቱን ገንዘብ አይተው እንደ ተደነቁ ይናገራሉ፤ የሐሙሲት ልጅም የገበያን ነገር ያውቃልና፣ በማርትሬዛ ብር ሽንኩርት ልግዛ ቢል ሻጯ ምን እንደምትለው ይጠይቁት።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ሀብት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሰዎቹ ስንት ነበሩ ብሎ ልጁ መጠየቁ አይቀርም፤ ቁርኣንም ሦስት ነበሩ፣ አምስት ነበሩ፣ ሰባት ነበሩ የሚሉትን ሰዎች ጠቅሶ ቁጥራቸውን ዐዋቂው አላህ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በዚህም ላይ ጥልቅ ክርክር እንዳይደረግ ይከለክላል። ይህን ታሪክ በክርስቲያኖች ዘንድ የኤፌሶን ሰባት ወጣቶች ታሪክ እያሉ የሚተርኩት ስለ ሆነ፣ ልጁ ከጎረቤቱ ሰባት የሚለውን ሰምቶ ቢመጣ አይከራከሩት፤ አላህ ያውቃል ማለትን ያለማምዱት። አባት በልጁ ፊት አላህ ያውቃል ብሎ አለማወቁን ማመኑ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። እዚያው በታሪኩ መካከል ደግሞ ማንም ሰው ነገ ይህን አደርጋለሁ ሲል አላህ ከፈቀደ ሳይል እንዳይናገር የሚያዝዝ አንቀጽ አለ፤ ኢንሻአላህ የሚለው ቃል በልጁ አፍ የሚገባበት ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በብዙ ቤት ኢንሻአላህ ማለት ለልጅ አይሆንም ማለት ሆኗል፤ ጫማ ግዛልኝ ሲል ኢንሻአላህ ተብሎ ጫማው ሳይመጣ ዓመት ያልፋል። የማይፈጽሙትን ነገር በዚህ ቃል አይሸፍኑ፤ ልጁ የአላህን ስም ከተስፋ ማጣት ጋር አቆራኝቶ ያድጋልና።

ሁለተኛው ሐሙስ የሁለቱ አትክልቶች ባለቤት ነው። አንድ ሰው በተምር ዛፍ የተከበቡ ሁለት የወይን አትክልቶች ነበሩት፤ በመካከላቸው እህል ይበቅላል፣ ወንዝም ይፈስሳል፤ እሱ ግን በጓደኛው ላይ በሀብቱና በሰው ብዛት ኮርቶ፣ ይህ ከቶ አይጠፋም አለ፤ ጓደኛውም ማሻአላህ እንዲል መከረው፤ አትክልቱ በጠፋ ጊዜ ሰውዬው ባወጣው ወጪ እየተጸጸተ መዳፎቹን ያገላብጥ ነበር። ይህን ታሪክ ለደራና ለፎገራ ልጅ ሲነግሩ የወይኑን ቦታ በሩዝና በሽንኩርት ማሳ ቢያስመስሉለት ይገባዋል። ሆኖም አብሮ የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው ያስቡ፤ ጉማራ ወንዝ ክረምት ሞልቶ የአንዱን ጎረቤት ሩዝ ሲወስደው ያየ ልጅ፣ ያ ሰው ኩሩ ስለ ሆነ ተቀጣ ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስለዚህ በዚያው ማታ በግልጽ ይንገሩት፦ ጎርፍ የወሰደበት ሰው ሁሉ በደለኛ አይደለም፤ ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) ያላቸውን ሁሉ ያጡት በበደል አልነበረም፤ እኛም ጎርፍ የነካውን ጎረቤት የምናየው ለመርዳት ነው ይበሉት። ይህን ማስጠንቀቂያ ትቶ ታሪኩን ብቻ የነገረ ወላጅ፣ ትሕትናን ሊያስተምር ተነሥቶ በድሃ ላይ መፍረድን ያስተምራል።

ሦስተኛው ሐሙስ የነቢዩ ሙሳና (ዐ.ሰ.) ሐዲሱ ኸድር ብሎ የሚጠራው የአላህ ባሪያ ጉዞ ነው። ይህ ታሪክ ሦስት ነገሮች አሉት፦ የተበሳችው ጀልባ፣ የተገደለው ልጅ፣ የተቃናው ግድግዳ። ከ7 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጀልባዋንና ግድግዳውን ብቻ ይንገሩ፤ መካከለኛውን ሲያድግ ይሰማዋል። መተውና ማጣመም ግን የተለያዩ ናቸው፤ ለሕፃኑ የማይመጥነውን መተው ይቻላል፣ ለውጦ መናገር ግን አይቻልም። በጣና ዳር ላለ ልጅ፣ ይልቁንም ደንገል እየቆረጡ ታንኳ በመሥራት ለታወቁት ለወይጦ ሙስሊሞች ልጆች፣ የጀልባዋ ታሪክ የገዛ ቤታቸው ታሪክ ነው፤ ድሆች የሚሠሩባትን ጀልባ ያ ዐዋቂ ሰው ሳንቃዋን ነቅሎ ሲያበላሻት፣ ነቢዩ ሙሳ ሊታገሡ አልቻሉም። ልጁንም እዚህ ላይ ያስቁሙትና አንተስ ዝም ትል ነበር ብለው ይጠይቁት፤ በነቢዩ ሙሳ ፈንታ ይቆጣ፣ ይከራከር፤ መልሱን ወዲያው አይንገሩት። ደኅና ጀልባ ሁሉ የሚቀማ ንጉሥ ከኋላቸው ይመጣ እንደ ነበርና፣ ጉድለቷ ለድሆቹ እንዳተረፈቻት የሚሰማው፣ ቢቻል በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይሁን። አንድ ሌሊት የጠበቀ ልጅ የትዕግሥትን ነገር ከቃል ይልቅ በራሱ ይማራል።

አራተኛው የዙልቀርነይን ታሪክ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አልልም። ደካማ ሕዝቦች ግድብ ሥራልንና ዋጋ እንክፈልህ ሲሉት ዋጋውን ትቶ በጉልበታችሁ አግዙኝ ማለቱን፣ ከዚያም የብረት ቍራጭ ከምረው በእሳት አግለው የቀለጠ መዳብ እንዳፈሰሱበት ከነገሩት ይበቃዋል።

ከወሩ በኋላ የሐዲስ ታሪኮችን ይጨምሩ፤ እነዚህ አጫጭር ስለ ሆኑ በእጅ በሚዳሰስ ነገር ቢነገሩ የበለጠ ይያዛሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ሆነው ሳይላኩ፣ በ35 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ፣ የመካ ሰዎች ካዕባን አድሰው ጥቁሩን ድንጋይ ማን በቦታው ያኑር በሚል ክርክር ሊዋጉ ሲቃረቡ፣ ታማኙ መጣ ብለው ዳኝነቱን ሰጧቸው። ይህን ለማሳየት ጋቢ ያንጥፉ፤ ከወፍጮው ላይ መጁን አንሥተው በመካከሉ ያስቀምጡ፤ አራት ልጆች አራቱን ማዕዘን ይያዙና አንድ ላይ ያንሡት። አንዱ ቀድሞ ቢያነሣ መጁ ወደ ሌላው ይንከባለላል፤ ሁሉም እኩል ካላነሡ አይነሣም። ከዚያ በኋላ ነቢዩ የየጎሣውን አለቃ የልብሱን ጫፍ እንዳስያዙና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው በቦታው እንዳኖሩት ይንገሩ። ወንድማማች ልጆች በአንድ ኳስ ሲጣሉ ጋቢው ይምጣ እያሉ ሲያስታውሱ ቢሰሙ አይደነቁ። የነቢያትን መልክ ግን በሥዕልም ሆነ በጨዋታ ማስመሰል በእስልምና ስለማይፈቀድ፣ ልጁ እሳቸውን ሆኖ አይጫወት፤ ጋቢውን፣ ድንጋዩን፣ ጀልባዋን ይሣል።

የተጠማው ውሻ ታሪክ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በመንገድ ጥም የጸናበት ሰው ወደ ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ፤ ሲወጣ ከጥም የተነሣ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ፤ እንደ ገና ወርዶ ጫማውን በውሃ ሞልቶ፣ በአፉ ነክሶ እየተንጠላጠለ ወጥቶ አጠጣው፤ አላህም ኃጢአቱን ይቅር አለለት። በየሰፈራችን ልጆች ውሻ ሲያዩ ድንጋይ ያነሣሉ፤ ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ውሻ ይነጅሳል የተባለውን ሰምተው ድንጋይ መወርወሩን የሃይማኖት ሥራ አድርገው የሚያስቡ መኖራቸው ነው። ለልጁ በግልጽ ይንገሩት፦ ውሻ ቢልስህ የምትታጠብበት ሥርዐት አለ፤ የምትወረውርበት ሥርዐት ግን የለም። ነቢዩ ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን ወፍ አይተው እንዲመለሱላት ማዘዛቸውንም በዚያው ይጨምሩ፤ ይህም በጣና ዳር የወፍ ጎጆ ለሚያፈርስ ልጅ የተነገረ ያህል ነው።

ታሪኩ ሲያልቅ ምክር አያስከትሉ። ስለዚህ አንተም እንዲህ አድርግ የሚለው ቃል፣ ልጁ በራሱ ሊደርስበት የነበረውን ነገር ከእጁ ይነጥቀዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ አንተ በጉድጓዱ ዳር ብትሆን ውሃውን በምን ታወጣው ነበር ማለት ይበቃል፤ መልሱም የተሳሳተ ቢመስልዎ አይቸኩሉ። ይልቁንም ታሪክን ከቀን ጥፋት ጋር አያቆራኙ፤ ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ ሰብሮ የካደ ልጅ፣ ማታ የሐሰተኛን ታሪክ ቢሰማ ትረካው ለእሱ የተዘጋጀ ክስ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ሐሙስን ይሸሻል። ጥፋቱን በጊዜው ለብቻው ይገሥጹት፤ ሐሙስ ማታ ግን ከክስ ነጻ ትሁን።

ስለ ፍርሃትም ጥቂት እላለሁ። ሕፃን ልጅን በገሃነም እሳት እያስፈራሩ ማስተኛት ፈሪ ያደርገዋል እንጂ ፈሪሃ አላህ አይሰጠውም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በምሕረት ይጀምሩ፦ አላህ ምሕረትን 100 ክፍል አድርጎ 99ኙን በእርሱ ዘንድ እንዳኖረ፣ ወደ ምድር ባወረዳት በአንዲቱ ፍጥረት ሁሉ እንደሚተዛዘን፣ ፈረስ እንኳ ውርንጭላዋን እንዳትረግጠው ሰኮናዋን የምታነሣው በእርሷ እንደ ሆነ የሚናገረውን ሐዲስ ያሰሙት። ገበያ ውስጥ ውርንጭላ የምታስከትል ፈረስ ሲያገኙም ቆም ብለው እግሯን እንዲመለከት ያድርጉት።

ሐሙሲት ውስጥ የሙስሊሙ ልጅ ከክርስቲያኑ ልጅ ጋር በአንድ መንገድ ይጫወታል፤ በዚህ በጣና ምሥራቅ ዳርቻም ሙስሊም ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በታወቀችው በደሪታ እየኖሩ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲገበያዩ ነው ዘመን የቆጠሩት። ስለዚህ የነጃሺ ታሪክ በቤታችን ሳይነገር ዓመት ማለፍ የለበትም። በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ በመካ የተሠቃዩ ሙስሊሞች በነቢዩ ምክር ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻው ክርስቲያን ንጉሥ ወደ ነጃሺ መጡ፤ ቁረይሾችም ዐምር ቢን አልዓስንና ዐብደላህ ቢን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ስደተኞቹን መልስልን ብለው ላኩ፤ ንጉሡ ግን ስደተኞቹን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ ጉዳያቸውን አስረድቶ ከሱረቱ መርየም ባነበበ ጊዜ ንጉሡ አለቀሰ፤ ስጦታውንም መልሶ መልእክተኞቹን ባዶ እጃቸውን ሰደደ። ንጉሡ በሞተ ጊዜም ነቢዩ በመዲና ሆነው ሶላት ሰግደውለታል። ሲነግሩ ሁለት ነገር ላይ ይቆዩ፦ ሳይሰሙ አለመፍረድና፣ የተጠጋን ሰው አሳልፎ አለመስጠት። ልጁ የጎረቤቱን ልጅ ይዞት ቢመጣና አብረው ቢሰሙ እጅግ መልካም ነው፤ ከቤቱ ፈቃድ መጠየቁ ግን ተገቢ ነው፤ በዚያ ማታ የእኛ ሃይማኖት ከእናንተ ይበልጣል የሚል ቃል ከነጋሪው አፍ አይውጣ።

ታሪኩ የሚፈተነው በማግሥቱ ነው። ከአርብ እስከ ረቡዕ ባለው ጊዜ ታሪኩ የነካውን አንድ ሥራ ልጁ እንዲሠራ ቦታ ያዘጋጁለት፤ ስለ አደራ ከነገሩት ጥቂት ገንዘብ አስይዘው ለአክስቱ እንዲያደርስ ይላኩት፤ ስለ ሰደቃ ከነገሩት፣ ነቢዩ የልጅ ልጃቸው ሐሰን የሰደቃን ተምር ወደ አፉ ቢያስገባ እንዲተፋው እንዳደረጉ አስታውሰው፣ ለድሃ የተለየውን እህል ልጁ ራሱ ሰፍሮ እንዲሰጥ ያድርጉት። ስለ አመጋገብ ሥርዐት ማስተማር ሲፈልጉ፣ በሐበሻ ምድር እንደ ተወለደ የሚነገርለት ዑመር ቢን አቢ ሰለማ ልጅ ሳለ እጁን በማዕዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያዘዋውር፣ ነቢዩ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኝ እጁና ከፊቱ እንዲበላ በርጋታ ማስተማራቸውን፣ እንጀራው በመሶብ ላይ ቀርቦ ሁሉም ከበው በተቀመጡበት ጊዜ ይንገሩ። ሲሠራ ቢያዩት ስለ ታሪኩ አያስታውሱት፤ ሥራው የእሱ ይሁን።

በረመዳን የሐሙሱ ሰዓት አይመችም፤ ከመግሪብ በኋላ ፈጡር፣ ከዒሻእም በኋላ ተራዊሕ አለና። በዚያ ወር ትረካውን ወደ ዐሥር ሰዓት ተኩል ያምጡት፤ ከታላላቆቹ ጋር ለመጾም እየሞከረ ረኀብ የጸናበት ልጅ ጊዜው እንዲያልፍለት የሚፈልገው በዚያ ሰዓት ነውና። የነቢዩ ዩሱፍ ታሪክ 111 አንቀጾች ስላሉት ለ30 ቀን ቢከፈል በቀን ሦስት አራት አንቀጽ ይደርሳል፤ ከጉድጓዱ አንድ ቀን፣ ከመንገደኞቹ አንድ ቀን፣ ከወህኒው ሁለት ቀን፣ ከእህል ጎተራው ሦስት ቀን እያደረጉ፣ የዓዚዝን ሚስት ነገር ለትንንሾቹ በአጭሩ አልፈው፣ ወንድማማቾቹ የሚታወቁበትንና ነቢዩ ዩሱፍ ይቅር የሚሉበትን ክፍል ለመጨረሻው ሳምንት ያቆዩት፤ በዒድ ዋዜማም አባታቸው ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) የልጃቸውን ሸሚዝ ሽታ ያገኙበትን አንቀጽ፣ በአማርኛው ትርጉም ገጹን ገልጠው፣ ማንበብ የቻለው ትልቁ ልጅ ለታናናሾቹ እንዲያነብላቸው ያድርጉ።